ወደ አፏ የተመለሰች እጅ

ይድረስ ለምታነቡት ሁሉ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ላቀው እባላለሁ፤ ሞያዬ ከረጢት መስፋት ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ደብዳቤ ጸሐፊው ጎረቤቴ ነው። «ደብዳቤ እንጂ ታሪክ መጻፍ አልተፈቀደልኝም» ብሎ ስለተነጫነጨ እንዲህ በሰላምታ ጀምረን ደብዳቤ አስመስለነዋል።

ከተማችን ስም የላትም። ድሮ ነበራት ይባላል፤ ነገር ግን የከተማ ስም የመጻፍ ሞያ ያለው አንድ ቤተሰብ ብቻ ስለነበር፣ የቤተሰቡ የመጨረሻ ሰው ሲሞት ስሙም አብሮት ተቀበረ። «ሌላ ሰው ለምን አልጻፈውም?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። እንግዳ ምን ያውቃል! በእኛ ዘንድ አንድ እጅ አንድ ሞያ ነው። የሚያጎርስ የልብስ ቁልፍ አይቆልፍም፤ የሚቆልፍ አያዝልም፤ የሚያዝል እንባ አይጠርግም። ለሁሉም ማህበር አለው። እኔ በመርፌ ዓይን ክር በጨለማ አስገባለሁ፤ ምሳዬን ግን ሰው ካላጎረሰኝ ጦሜን አድራለሁ። አጉራሾችም ቢሆኑ ተራ ገብተው እርስ በርስ ይጎራረሳሉ እንጂ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አፍ አይመልሱም። ወደ ማህበሩ ሲገቡ የሚምሉት መሐላ ይኸው ነው፦ «እጄ ወደ አፌ አትመለስ።»

የእኔ ከረጢት እህል አይያዝበትም፤ የሚያዝበት የልጅ እጅ ነው። ልጅ በተወለደ በሳምንቱ እጠራለሁ። ከነጭ ጥጥ ሁለት ትንንሽ ከረጢት ሰፍቼ፣ እጆቹን ከነጣቶቻቸው ከትቼ አንጓው ላይ እዘጋለሁ። ልጁ ባደገ ቁጥር ጣቶቹን ሳልገልጥ ልኩን እያሰፋሁ እለውጣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ድግስ ተደግሶ ከረጢቱ ይፈታል፤ እጁ እንደ ሊጥ ለስልሶ ይወጣል፤ ዘመድ እልል ይላል። ከዚያ ከአንዱ ማህበር ገብቶ አንድ ሞያ ይማራል። የሀብታም ልጅ ከሆነ ደግሞ ምንም አይማርም፤ ለምን ይለፋ?

እንዲህ የምናደርገው ልጆቻችንን ስለምንወድ ነው። ልጅ ይሰብራል፣ ይደፋል፣ ይቃጠላል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት በሸንጎው በር ላይ በድንጋይ ተቀርጿል። የእናት ፍቅር የሚለካውም በከረጢቱ ንጣት ነው። የነጭ እጅ ሹም በየቤቱ እየዞረ ያያል። ያደፈ ከረጢት የተገኘባት እናት ልጇን ለሌላ ቤት፣ ከረጢት አድፎበት ለማያውቅ ቤት ታስረክባለች። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅ በወሰደ ቁጥር ከእናቲቱ ጋር ያለቅስ ነበር፤ እንባ ጠራጊውም አጠገቡ ቆሞ ይጠርግለታል።

እንግዲህ ትርንጎን ላስተዋውቃችሁ። ትርንጎ አጉራሽ ናት፤ በከተማው አንደኛ። ጉርሻዋ ትልቅም አይደል፣ ትንሽም አይደል፤ ወጡ አይንጠባጠብ፤ አኝከህ ሳትጨርስ ሁለተኛው አይመጣብህ። እኔንም በየቀኑ ምሳ የምታጎርሰኝ እሷ ናት። ባሏ የሞተው ልጇ ሳትወለድ ነበርና ልጅቷን ምትኬ አለቻት። ከምትኬ በቀር ማንም የላትም። ማህበሩ ውስጥ እንደ እሷ ልጇን የምታጎርስ አልነበረም፤ ከመጉረሷ በፊት ትስማታለች፣ ከጎረሰች በኋላ ትስማታለች። አንድ እራት ይመሻል ይነጋል ብዬ እቀልድባት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከባለጸጋው ከአቶ ሽብሩ ቤት ነው። የአቶ ሽብሩ አባት ሞቱና ለቅሶ ተቀመጠ። ትርንጎ ሐዘንተኛውን ልታጎርስ ተጠርታ ሄደች። አቶ ሽብሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጢሙ ገብስማ ሆኗል። ያለቅሳል። እንባ ጠራጊዋ ግን ሟቹን ጌታዋን ትወድ ስለነበር እሷም ደረቷን እየደቃች ከሴቶቹ መሀል ናት። እንባው ወርዶ ከአፍንጫው ከሚወርደው ጋር ተቀላቅሎ አፉ ገባ።

«ትርንጎ፣» አለ፣ «እባክሽን ፊቴን።»

«ጌታዬ፣ ሞያዬ አይደለም። ማህበሩ ይቀጣኛል።»

«አውቃለሁ፣» አለ አቶ ሽብሩ። ለስላሳ ነጭ እጆቹ ጭኑ ላይ ተጋድመዋል። አንስቷቸው ፊቱ ድረስ ሊያመጣቸው ሞከረ፤ ግንባሩን መቱት። መንገዱን አያውቁትም። «አባቴም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተ፤ ውሃ እያየ። ውሃ አጠጪው ምሳ ሄዶ ነበር።»

ትርንጎ ይህን ሰምታ ቤቷ ስትገባ ምትኬ መደብ ላይ ተጋድማ ታለቅስ ነበር። አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አርፏል። ከረጢቷን ታወራጫለች፣ ዝንቡ ይነሳል፣ ተመልሶ ያርፋል። ትርንጎ ዝንቡን አባረረችላት። ከዚያ ቁጭ አለችና የአቶ ሽብሩን ጢም አሰበች። «ነገ እኔ ብሞት፣ ይቺ ልጅ የማንን እጅ እያየች አፏን ትከፍታለች?» አለች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ።

በሩን ዘጋች። እንጀራ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፤ እጇንም ወደ ራሷ አፍ መለሰቻት። ምንም አልሆነችም። ጣዕሙም ያው ነው። ሌላ ደገመች። ከዚያ ወደ ልጇ ሄዳ የቀኙን ከረጢት ክር በጥርሷ በጠሰች።

አምስት ዓመት ያልተገለጡ ጣቶች ምን እንደሚመስሉ እናንተ አታውቁም። ምትኬ አይታቸው ደነገጠች፤ የሌላ ሰው መሰሏት። መጀመሪያ እንጀራውን ስትነካው እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ጨበጠችው፤ ወጡ በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። ወደ አፏ ልትወስደው ብትል ጆሮዋ ሥር ተገኘ። ትርንጎ እጇን በላት። ማጎረስ ሞያዋ፣ ልጇ ተርባ ፊቷ ተቀምጣ! ሁለቱን እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። ምትኬ አለቀሰች፣ ወረወረችው፣ እንደገና አነሳችው። ያ ማታ ከጎረሰችው የተቀባችው ይበልጣል። ግን አንዲት ቁራሽ፣ በእውነት የጥፍር ታህል፣ አፏ ደረሰች። ልጅቷ ማኘክ ረስታ እናቷን አየቻት።

«እማ! እኔ!» አለች።

ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። በከተማችን «እኔ» ብሎ ነገር ከልጅ አፍ አይወጣም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ምትኬ ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ ከረጢቷን ታወልቃለች፤ ውጭ ስትወጣ ታጠልቃለች። መጉረስ ተማረች፤ ከዚያ ውሃ መቅዳት። አንድ ማሰሮ ሰበረች። ትርንጎ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ስባሪውን ማንሳትም ትምህርት ነውና። ምትኬ ቁልፏን ስትቆልፍ አንዱን ቁልፍ በሌላው ቀዳዳ አስገብታ ቀሚሷ ተንጋደደ፤ እናትየው ልታስተካክለው እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው። «ደህና ነው፤ ደርሰሽበታል» አለቻት። እኔ ብሆን አስተካክለው ነበር። አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ከማድረግ ይልቅ አለማድረግ ጉልበት ይጠይቃል። ይህቺ ሴት ያንን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እኔ ያወቅሁት ልኩን ላሰፋ ስሄድ ነው። የሰፋሁትን ክር አውቀዋለሁ፤ ይህ የእኔ ቋጠሮ አልነበረም። ትርንጎ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሽ ላቀው፣ ይወስዱብኛል።»

«ምኑን?»

«አላዩም?»

«እኔ ሞያዬ መስፋት ነው። ማየት የሌላ ማህበር ነው፣» አልኳት። አዲሱን ከረጢት አንጓው ላይ ላላ አድርጌ ሰፋሁት፤ ልጅቷ በጥርሷ ስባ የምትፈታው። ከዚያ ወዲህ ስፌቴ መላላቱን የሰማ ቢጠይቀኝ እርጅና ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

የሚያስቀው፣ የምትኬ ከረጢት ከከተማው ሁሉ ነጭ ሆነ። ቤት ሲገቡ የሚወልቅ ከረጢት በምን ያድፋል? ሹሙ በሸንጎ ፊት የምትኬን እጆች ከፍ አድርጎ፣ «እናቶች ሆይ፣ ፍቅር ማለት ይህ ነው!» አለ። ትርንጎ መሬት መሬት አየች።

የአቶ ሽብሩ አባት ሙት ዓመት ደረሰ። መቃብራችን ከወንዙ ማዶ ነው። ጸሎቱ ይቅርብኝ የሚል ሰው የለምና አዋቂ በሙሉ በእንጨቱ ድልድይ ተሻግሮ ሄደ። ልጆች መቃብር አይሄዱም፤ እንባ ከረጢት ያበሰብሳል። በአቶ ሽብሩ ሰፊ ግቢ፣ ልክ ከወንዙ ፊት ለፊት፣ ምሳቸው በመሶብ ተከድኖ ተቀመጡ። ከምሳ በፊት እንመለሳለን ብለን ጠባቂ አንድ ሰው ብቻ ተውን፤ አዛዩን አባ ደግፌን።

ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ መጣ። ድልድዩን ነቅሎ ይዞት ሄደ። እኛ ወዲህ፣ ልጆቻችን ወዲያ።

ወንዙ ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ የልጅህን ፊት ትለያለህ። ግን ጩኸቱ ድምፅ አያሻግርም። ልጆቹ መሶቡን ከበው አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ልጅ ሲርበው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እንዲያ ነው ያሳደግናቸው። አባ ደግፌ ተጨነቀ። ሞያው ማዘል ነውና አዘላቸው። አንዱን አዝሎ ግቢውን ይዞራል፣ ያወርዳል፣ ሌላውን ያዝላል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ሹሙ ግራ ቢገባው አጉራሾቹን በዳርቻው አሰልፎ «ከሩቅ አጉርሱ!» ብሎ አዘዘ። አጎረሱ። አየሩን እየጠቀለሉ ወደ ማዶ ዘረጉ። አየሩ ጠገበ፤ ልጆቹ አልጠገቡም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞረች። ትንንሾቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ። የሹሙ የመጨረሻ ልጅ ሲያለቅስና ሲንፈራገጥ ውሎ ተዘረረ፤ ከለቅሶው አለመንቀሳቀሱ አስፈራን። እናቱ ወደ ውሃው ልትገባ ስትል ያዟት።

በዚህ ጊዜ አንዲት ልጅ ከመሀላቸው ተነስታ ወደ ወንዙ ዳር መጣች። ምትኬ ናት። ነጭ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አድርጋ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ምን እያለች እንደሆነ እኔና ትርንጎ ብቻ እናውቃለን። ሰው ፊት እንዳታደርጊው ተብላ ምላለች። ረሃቧን ይዛ ፈቃድ ትጠይቃለች።

ትርንጎ አጠገቤ ቆማለች። በግራዋ ሹሙ፣ በቀኟ የማህበሩ አለቃ። እጇን ካነሳች ልጇን ትነጠቃለች። ካላነሳች ልጇም የሰው ልጅም ይራባል። ትርንጎ ክርኗን ከሰልፉ አወጣች፣ አየሩን እንደ እንጀራ ጠቀለለች፣ ለሁሉ በሚታይ ከፍታ ላይ ያዘችው፤ ከዚያም ወደ ራሷ አፍ መለሰችው።

ሕዝቡ «ኧረ!» አለ። የማህበሩ አለቃ ተቀመጠ።

ማዶ ላይ ምትኬ ክሩን በጥርሷ ሳበች። ከረጢቶቹ ወደቁ። ወደ መሶቡ ተመለሰች፣ ክዳኑን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠች፣ ቁጭ ብላ በላች። እናቶች ሁሉ «አጉርሻቸው! አጉርሻቸው!» እያሉ ጮሁ። የሰማች ይመስል የሹሙን ልጅ ቀና አድርጋ አጎረሰችው። አንዱን፣ ሌላውን። ከዚያ ቆም ብላ አፋቸውን የከፈቱትን ሁሉ አየቻቸው። ብዙ ናቸው፤ እጇ ሁለት ነው። ወደ አንዷ ልጅ ሄደችና አንጓዋን ይዛ ስፌቴን በጥርሷ ቦጨቀችው። የሌሎቹን ያላላሁት ስላልነበር ብዙ ታገለች። ያቺ ልጅ እጆቿን አገላብጣ አየች። ምትኬ አላጎረሰቻትም። ፊቷ ተቀምጣ እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተችና ጠበቀች።

ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ውሃው በማግስቱ ጎደለ። ተሻግረን ስንገባ ከተማው ከረጢት በከረጢት ሆኖ ጠበቀን፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዶሮ እየጎተተው ነው። ልጆቹ ከአናት እስከ እግር ወጥ ናቸው። መሶቡ ባዶ ነው። የሹሙ ልጅ ግማሹን ራሱ ላይ እያፈሰሰ ለአባ ደግፌ ውሃ ያጠጣል፤ ሽማግሌው ለካ እሱም ጦሙን ውሎ አድሮ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት በቅቶ ተርፎ ነበር እላችኋለሁ።

የሆነ ሆኖ ሕግ ሕግ ነው፤ ሸንጎ ተቀመጠ። እኔ መርፌና ክር ይዤ ልጆቹን እንደገና እንድሰፋ ታዘዝኩ። የሰፋሁትን እዚያው በጥርሳቸው ይፈቱታል። ትርንጎ ከመሀል ቆመች።

«ያጎረሰሽን ከተማ እጁን ነከስሽ፣» አለ የማህበሩ አለቃ። «እጅሽ ወደ አፍሽ ተመልሳለች።»

«ተመልሳለች።»

ሹሙ አንገቱን ደፋ። «እኔ ስለዚች ልጅ እጅ በሸንጎ ያልኩትን ብያለሁ። ልጄም በልቷል፤ አልክድም። ነገር ግን የአባቶች ከረጢት አይጣልም። ከረጢት የሌለበት ቤት ቤት አይባልም። ልጅቷ ከረጢት አድፎበት ወደማያውቅ ቤት ትሂድ፤ እጇም ይሰፋ።» እንባ ጠራጊው ቀረበ።

ምትኬ የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሁለት ሰዎች ሊያላቅቋት ሞከሩ። የሠራ ጣት እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልበል፣» አለች ትርንጎ። «ከረጢት ከቤቴ አይጥፋ ካላችሁ አይጥፋ። ግን ያጠፋችው የማን እጅ ናት? የእኔ አይደለችም? እሷን ተውልኝና ከረጢቱን ለእኔ አጥልቁልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሕጉ ከረጢት በቤቱ ይኑር ይላል እንጂ በማን እጅ አይልም። ሳይሽሩት የሚወጡበት ቀዳዳ በማግኘታቸው ደስ አላቸው። ሹሙ ሳያስበው፣ ሰው ሳይጠርግለት፣ ዓይኑን በገዛ እጅጌው አበሰ፤ ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆነ።

ልማዳችን ብዬ መጀመሪያ የነገርኳችሁ የዚያን ጊዜውን ነው፤ ዛሬ በከተማችን ከረጢት የሚያጠልቁት እናቶችና አባቶች ናቸው። መጀመሪያ በትርንጎ ተሳለቁባት። ኋላ ጎረቤቷ አልጋነሽ ወደ እኔ መጣችና፣ «ጋሽ ላቀው፣ የእኔ ልጅ እጄን ሲያይ አፉን ይከፍታል፤ እባክዎ ለእኔም» አለች። ከዚያ በኋላ ሰልፉን አልቻልኩትም። ልጅ ምግብ ሲቀርብለት ወላጅ ከረጢቱን ያጠልቃል፤ ልጁ ጨርሶ ሲነሳ ያወልቃል። ሹሙም እንደ ድሮው እየዞረ ንጣቱን ያያል። ያደፈ ከረጢት የተገኘባት እናት፣ ልጁ እየታገለ ሳለ ነክታለታለች ማለት ነው፤ ትወቀሳለች። ሞያዬ አልተጓደለም፤ ልኩ ብቻ ሰፋ። እኔም ምሳዬን ራሴ እጎርሳለሁ። ግማሹ ጢሜ ላይ ይቀራል፤ ቢሆንም የእኔ ነው።

እኔ የማልረሳው ግን የፍርዱን ዕለት ማታ ነው። የትርንጎን እጆች የሰፋሁት እኔ ነኝ። የአዋቂ ልክ ሰፍቼ አላውቅም ነበርና ሁለት ጊዜ ወጋኋት። ያን ሁሉ ሰው ያጎረሱ እጆች ጥጥ ውስጥ ገቡ። ምትኬ መሶቡን እየጎተተች አምጥታ ከፈተችው፤ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ትርንጎ ከረጢቶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያታለች፤ አልቆረሰችም፣ መቁረስም አትችል።

ምትኬ ማኘኳን አቆመች። እናቷን አየቻት፣ ከረጢቱን አየችው። ከዚያ ሰፊ ቁራሽ ቆረሰች፣ ወጡ ውስጥ ነከረችው፣ ጠቀለለችው ሳይሆን ጨመቀችው፤ ተንበርክካ ተንጠራራችና «እማ፣ አፍሽን» አለች። ግማሹ ገባ። ግማሹ በአገጯ ወርዶ ነጩ ከረጢት ላይ ወደቀ። በሕይወቴ ካየኋቸው ጉርሻዎች ሁሉ እንደዚያ የተበላሸ አላየሁም። ትርንጎ እያኘከች እንባዋ ወረደ። ልጅቷ ከየትኛው ማህበር እንደሆነች ማን ይጠይቃታል፣ በዚያው ወጥ በነካው እጇ የእናቷን እንባ ጠረገችላት። ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች፣ የባሰ አለቀሰች።

«እማ፣ አታልቅሺ፣» አለቻት።

«አላለቀስኩም፤ በርበሬው ነው፣» አለች ትርንጎ።

እውነቷን ነው፤ ግማሹ በርበሬው ነበር።